የነጭ ሁለት ሳማ

አገርነሽ ጆንያውን ገልብጣ ካራገፈች በኋላ ነው ቁርጭምጭሚቷን የለበለባት። ጎንበስ ብላ ስታይ ሳማ ነው። ትናንት የበቀለ ለጋ አይደለም፤ እስከ ጉልበቷ የደረሰ፣ ቅጠሉ የወፈረ፣ አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁረት ያደላ ሳማ በአራቱ ነጭ ካስማዎች መሀል ቆሟል። እግሯን እያሻሸች ጥቂት ቆየች። ሳማው እዚህ ቦታ መኖር እንደሌለበት የገባት ከዚያ በኋላ ነው።

«ይሄ ሳማ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ ያለው?» ብላ በጋሞኛ ጠየቀች።

ጋሽ ካሱ ጫካው መግቢያ ላይ ካለችው ድንጋያቸው ተቀምጠው ቡሉኳቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል። ጫካውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። «ከአምና ክረምት ጀምሮ አለ» አሉ። «እናንተ የተማራችሁ እኮ ካልለበለባችሁ አታዩም።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ሳማ ምኑ ይነገራል? ምድሩ ሲጠግብ ይበቅላል። አንቺ ታጎርሺዋለሽ፣ እሱ ይበላል።»

አገርነሽ ተንበርክካ ያራገፈችውን ደረቅ ቅጠል በሁለት እጇ መልሳ ወደ ጆንያው ማፈስ ጀመረች።

«ተይ!» አሉ ጋሽ ካሱ። «የተመለሰ ቅጠል አይወጣም። ምን ነካሽ ልጄ?»

ምን እንደነካት ሊገባ የሚችለው ነገሩን ከሥሩ ለሚያውቅ ብቻ ነበር።

ጫካው ከጨንቻ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ዝግባውም ወይራውም ጥዱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉን አይጥልም ማለት ግን አይደለም፤ እንደ ቆጣቢ ሰው ጥቂት ጥቂት እያለ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ይጥላል፤ የጣለው ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውን ሥሩ መልሶ ይስበዋል። አቶ ሸዋንዳኝ ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ዙር ሲያስረዳት እጁን በአየር ላይ ያዞር ነበር። የኮሌጅ መምህር ነው፤ ለዶክትሬቱ የሚያጠናውም ይህንኑ ነው።

«በውጭ አገር» አላት ያን ጊዜ፣ «ፋብሪካውና መኪናው የሚተፋው ጭስ ሰማይ ወጥቶ ከዝናብ ጋር ይመለሳል። ናይትሮጅን አለበት፤ ማንም ያልበተነው ማዳበሪያ በሉት። ጫካ ደግሞ በትንሽ መኖር የለመደ ነው። ሲበዛበት መጀመሪያ ይፋፋል፤ ኋላ አፈሩ ይኮመጥጣል፣ ሌላው ሌላው ምግብ ከውሃ ጋር ታጥቦ ይሄዳል። የኛ ዝናብ ገና ንጹህ ነው። ሳይቆሽሽ በፊት ምን ሊመጣብን እንደሚችል እንወቅ ብዬ ነው።»

የሚመጣውን ክፉ ነገር ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አገርነሽ ያን ቀን ከራሷ ሌላ አየች። ሥራውን ያለ ጥያቄ ተቀበለች።

ጫካው ውስጥ ስድስት ቦታ ተከለለ፤ ሦስቱ በቀይ ካስማ፣ ሦስቱ በነጭ። በቀዮቹ ላይ በየወሩ ዩሪያ በውሃ በጥብጣ ትረጫለች፤ በነጮቹ ላይ ውሃ ብቻ። ከዛፎቹ ሥር በተወጠረው መረብ ላይ የወደቀውን ቅጠል ደግሞ በየአሥራ አምስት ቀኑ በስድስት ከረጢት ለየብቻ ለቅማ ወደ አርባ ምንጭ ታወርዳለች። ጨንቻ ጉም ነው፣ ቅጠል አይደርቅም፤ አርባ ምንጭ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን በሦስት ቀን ኩርሽም ይላል። ሲደርቅ ትመዝነዋለች፤ ለላቦራቶሪ ከየቦታው አንድ አንድ እፍኝ በፖስታ ታስቀራለች።

ከቀዮቹ ውስጥ አምና ሳማ ሲበቅል አቶ ሸዋንዳኝ ደስ ብሎት ፎቶ አንስቶታል። ሳማ ከበረት ጀርባ፣ ጉድፍ ከሚጣልበት፣ ሰው ለቆት ከሄደ ግቢ የሚበቅል ነገር ነው፤ ናይትሮጅን ባለበት አለ። በነጮቹ ውስጥ ግን ምን ይሠራል? ነጮቹ ማነጻጸሪያ ናቸው። ከውሃ በቀር ማንም ምንም አልጨመረባቸውም።

ከአገርነሽ በቀር።

አቶ ሸዋንዳኝ ጫካውን ላጥና ብሎ ሲመጣ የአገሩ ሽማግሌዎች ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጠው መክረው ነበር። ከዚያ ጫካ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ለማገዶ አይወጣም። በመጨረሻ ጋሽ ካሱ ተነስተው «ይለካ፤ የወጣው ቅጠል ግን ይመለስ» አሉ። አቶ ሸዋንዳኝ ፈገግ ብሎ «እሺ» አለ። በማግሥቱ አርባ ምንጭ ወርደው የማድረቂያውን ቤት ሲያሳያት ደግሞ «ተመዝኖ የተረፈውን ከጓሮ ይጣሉት» አላት። እሷም «እሺ» አለች።

የአገርነሽ እናትና አባት የጨንቻ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ፊት የተባለ እሺ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እሱን ማፍረስ ጎሜ፣ መዘዝ የሚጠራ ነውር ነው፤ ጎሜ ደግሞ ያጠፋውን ሰው ብቻ ፈልጎ አይመጣም፤ በዝናቡ፣ በከብቱ፣ በልጅ ይመጣል ይባላል። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የማትታጣ ሰው ናት፤ ጎሜ የሚባል ነገር አላምንም ትላለች። ግን ኢየሩስ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ስለዚህ ልሞክረው አላለችም።

እናም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የተመዘነውን ቅጠል የስድስቱንም ቦታ በአንድ ጆንያ ጠቅጥቃ ወደ ጨንቻ ስትመልስ ኖረች። ጋሽ ካሱ ሲራገፍ በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከድንጋያቸው ፊት ለፊት ካለው ደልዳላ ቦታ ታራግፈዋለች። ያ ቦታ ነጭ ሁለት ነው። ቅጠል ቅጠል ነው ብላ ነበር። ከጫካ የወጣ ወደ ጫካ ገባ፤ ይሄ ምን መጨመር ይባላል? የቀዮቹ ቅጠል ዩሪያውን ጠጥቶ የወደቀ መሆኑ፣ እሱም ቢቀር የስድስት ቦታ ቅጠል በአንድ ቦታ መከመሩ፣ እግሯ እስኪለበለብ ድረስ አልታያትም።

ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው አይሱዙ ላይ ከስድስቱ ከረጢቶቿ ጋር ስትወጣ ረዳቱ እንደ ልማዱ ጀመራት።

«እትዬ ቅጠል መጡ! ጠጋ በሉላቸው!» ብሎ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «ስሙማ፣ ሰው ከጨንቻ ድንች ያወርዳል፣ ከታች ሙዝ ያወጣል። እትዬ ቅጠል ያወርዳሉ፣ ያንኑ ቅጠል መልሰው ያወጣሉ። ትርፉን እኔና እግዜር ብቻ ነን የማናውቀው!»

ሰዉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንተ ደግሞ ባዶ አፍህን ታመላልሳለህ» ትለው ነበር። ዛሬ ከረጢቶቿን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች።

«አሞዎት ነው እንዴ?» አለ ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፍራሽ ላይ እንድትቀመጥም ቦታ ለቀቀላት።

አገርነሽ መፍራት የምታውቅ ሴት ናት። ባሏ አስናቀ የአዞ እርባታው ዘበኛ ነው፤ ማታ ሲገባ ከሰላምታ በፊት እግሮቹን ታያለች። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ባጠፈ ቁጥር ገደሉን ታይና ፍሬኑ ተበጥሶ የሚገኘውን ሬሳ ትቆጥራለች። ዛሬ ግን ገደሉን አላየችም። የምታየው አቶ ሸዋንዳኝን ነው፤ ወፍራም መነጽር ካደረጉ ፈታኞች ፊት ቆሞ ሲያልበው፤ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል፤ ሁለት ዓመቱ ተጠቅልሎ ቅርጫት ሲገባ። የሚሄደውም ነገ ሌሊት ነው፤ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ፣ ፖስታዎቹንና የአፈር ናሙናውን በካርቶን አሽጎ ወደ አዲስ አበባ። የእሷ የሚቀጥለው ዓመት ውል ደግሞ ገና አልተፈረመም። ከነገረችው አይፈርምም። ካልነገረችው ማንም አያውቅም።

መጀመሪያ ወደ ቤቷ ጎራ አለች። ኢየሩስ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በረንዳው ላይ ጫማዋን ስትጠርግ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ይሄ ፊት ለማን ነው?»

አገርነሽ ከረጢቶቹን እንኳ ሳታወርድ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ በሚያስፈራት ነገር መሳቅ ከጀመረች ቆይታለች።

«እና ምን ብለው ሊከሱሽ ነው? ‹ተከሳሿ ቅጠል ወደ ጫካ ስትመልስ እጅ ከፍንጅ ተይዛ›?»

«ቀልጂ አንቺ። ያንን ሰው ዶክትሬቱን ባስነጥቀውስ?»

«ካልነገርሽው አይነጠቅም።»

አገርነሽ ይህን መንገድ በመኪናው ላይ በሐሳቧ ሁለት ጊዜ ሄዳበት ተመልሳለች። ካልነገረችው ቁጥሩ ይሄዳል፤ ይታተማል፤ አንድ የማታውቀው ሰው በሆነ የማታውቀው አገር ያነበዋል፤ ጫካው ያላደረገውን አደረገ ይባላል። ጋሽ ካሱ በሕይወታቸው ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጠበቁት ጫካ ላይ በሐሰት ይመሰከርበታል፤ ምስክሯም እሷ ናት።

«አየሽ» አለች ኢየሩስ፣ አሁን ሳትስቅ፣ «ብትነግሪውም ዛሬ አትተኚም፣ ባትነግሪውም አትተኚም። ነግረሽው አትተኚ።»

የማድረቂያው ቤት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ስትደርስ በሩ ተከፍቷል፤ አቶ ሸዋንዳኝ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ካርቶን ያስራል።

«እንኳን መጡ እትዬ አገርነሽ! እጅ አጥሮኛል። እስቲ ጣትዎን እዚህ ላይ።»

ከረጢቶቹን ግድግዳው ሥር አስቀምጣ ጣቷን ሲባጎው የተጠላለፈበት ቦታ ላይ አሳረፈች። እሱ መቋጠሪያውን ያዞር ጀመር። ጣቷን ሳታነሳ፣ ዓይኑንም ሳታይ፣ «ነጭ ሁለት ላይ ሳማ አለ» አለች።

እጁ ቆመ። «የት?»

«ነጭ ሁለት። እስከ ጉልበቴ።»

ጮኸ ማለት ይቻላል። «ብዬ ነበር እኮ!» ሲባጎውን ለቆ ተነሳ፤ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «የነጭ ሁለት አፈር ከዓመት ወዲህ የቀዮቹን መስሏል። እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ማንም ምንም ሳይጨምርበት! ከዚያ ገባኝ፤ ጫካው ዳር ዳሩ ላይ በራሱ ጊዜ ናይትሮጅን እየለቀቀ ነው። ሦስት ገጽ ጽፌበታለሁ እትዬ አገርነሽ፣ ሦስት ገጽ! ሳማውም መጣልኝ!»

አገርነሽ ጣቷን ከሲባጎው ላይ አላነሳችም። የማምለጫ በር ራሱ ከፍቶላታል። ዝም ብትል በቃ፤ ነገ ይሄዳል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ውሉንም ደስ እንዳለው ይፈርማል። ጣሪያው ከቀኑ ሙቀት እየበረደ ቋ ቋ ይላል።

«ተጨምሮበታል» አለች።

«ምን?»

«ቅጠል። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ከጓሮ ይጣል ያሉኝን አልጣልኩም፤ እየመለስኩ እዚያ ሳራግፍ ነው የኖርኩት። የስድስቱንም። የቀዮቹንም ጭምር።»

አቶ ሸዋንዳኝ ወረቀቱን እንደያዘ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ደርቋል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቢከለክሉኝስ ብዬ።»

«እከለክልዎት ነበራ!»

«እኮ!»

«ምን እኮ? ሥራዬን አበላሹብኝ እኮ ነው የምልዎት!»

«ያበላሸሁትን አላበላሸሁም አላልኩም» አለች አገርነሽ። «ግን ለሽማግሌዎቹ ይመለሳል ብለው እሺ ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«እሱማ… እሱ እንዲያው…»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ፤ እንደገና አወለቀ።

«ስንት ይሆናል?» አለ በመጨረሻ። «ያራገፉት። በግምት።»

«በግምት አላውቅም። ጽፌዋለሁ።»

«ምን?»

ከሚዛኑ ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጣች። የተራገፈው ቅጠል ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነቦታው፣ እስከ ግራሙ ተጽፏል። ሲደመር አርባ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ይሆናል። አቶ ሸዋንዳኝ ገጹን እያገላበጠ ቀና ብሎ አያት።

«ይህን ማን ይጻፉ አለዎት?»

«ማንም። ቅጠሉን ሸጠችው ብባልስ ብዬ ነው።»

ሳቁ ሳያስበው አፈትልኮ ወጣ። «ለማን? ቅጠል ለማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ክፉ ወሬ ገዥ ያጣል እንዴ?»

ሳቁ ቶሎ ጠፋ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ከራሱ ቁጥሮች ጎን ዘርግቶ ማስላት ያዘ። አገርነሽ ሥራ ስትፈታ የባሰ ስለምትፈራ፣ አዲሱን ቅጠል ስድስቱ ሰሌን ላይ ለየብቻ በተነችው። የዝግባውን ከወይራው አስተካክላ ስታሰጣ እሱ እርሳሱን እየነከሰ ቁጥር ያጉተመትማል። ሦስቱን ገጽ ሲያጣጥፍ አየችው፤ አልቀደደውም፤ ኪሱ ከተተው።

«ነጭ ሁለት ከንጽጽሩ ይወጣል» አለ። «ሁለት ነጭ ለሦስት ቀይ። ፈታኞቼ ይጮሁብኛል።»

«ያባርሩዎታል?»

«አያባርሩኝም። አንድ ዓመት ሊጨምሩብኝ ይችላሉ።»

አንድ ዓመት። አገርነሽ ዓመቱን በደረቷ ላይ ተሸክማው ቆመች፤ አዲስ አበባ ሆነው መመረቁን የሚጠብቁትን እጮኛውንና እናቱን ጭምር። ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ሳይነግሩኝ ሄጄ ቢሆን ደግሞ» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለደብተሩ የሚናገር ይመስል፣ «ያንን ሦስት ገጽ ሰዎች ፊት ቆሜ አነበው ነበር።»

ቀስ ብሎ ተነሳ፤ የካርቶኑን ሲባጎ መፍታት ጀመረ።

«ነገ አይሄዱም?»

«አልሄድም። አብረን ወደ ጫካው እንወጣለን። ያንን ሳማ ማየት አለብኝ፤ ከሥሩም አፈር መውሰድ አለብኝ። ጋሽ ካሱንም ላነጋግራቸው። እሺ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ምን ሊሏቸው ነው? ቅጠሉን ካስቀሩ ጫካውን ይዘጉብናል።»

«አይቀርም፤ ይመለሳል። ግን የቀይ አንድ ለቀይ አንድ፣ የነጭ ሦስት ለነጭ ሦስት። ከወደቀበት ሥር።»

አገርነሽ አሰበችበት። ደግ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ የሚያበላሸው ነገር መኖር አለበት። «ጋሽ ካሱ ሲራገፍ ማየት ይፈልጋሉ» አለች። «ከድንጋያቸው ሆነው ስድስቱም አይታያቸውም።»

«ከእርስዎ ጋር ይዞራሉ።»

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

«እንግዲያው ቀስ እያሉ ይዞራሉ።»

«ከእርስዎ ጋር» ማለቱን የሰማችው ዘግይታ ነው። ሰምታም አላመነችም፤ ውሉን በግልጽ መጠየቅ ደግሞ ፈራች። ይልቅ የስድስቱን ከረጢት አቧራ አራግፋ፣ እያንዳንዱን ከየቅጠሉ ራስጌ አኖረችው፤ የደረቀው ከአሁን በኋላ በመጣበት ይመለሳል። እሱ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱን ከረጢት ግን ቦታ አቀያየረው። «ይሄ የቀይ ሦስት ነው» አላት። እውነቱን ነው። «እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ይሄን ሁለታችንም እናያለን» አለ ደግሞ። «እርስዎ አንድ ጊዜ፣ እኔ አንድ ጊዜ።»

በሚቀጥለው ዓመት። አገርነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የተዘጋውን መስኮት እንደገና ዘጋችው።

ሲወጡ መምሸት ጀምሯል፤ ከኩልፎ ወንዝ በኩል ነፋስ ይመጣል። በሩን ገጠም አደረገችና መልሳ ከፈተችው፤ ሚዛኑን ሸፍኛለሁ? ሸፍናለች። ገጠም አደረገችው። እንደገና ከፈተችው።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ?» አለ አቶ ሸዋንዳኝ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ።

«ፍየል በመስኮት ገብታ ብትበላውስ?»

«መስኮቱ ከእኔ ራስ በላይ ነው እትዬ አገርነሽ።»

«የሰው ፍየል አያውቁም» አለች፤ ገብታ መወርወሪያውን በእጇ ነካችው። ተወርውሯል። ስድስቱ ሰሌን በድንግዝግዙ ውስጥ ተራ በተራ ተዘርግቷል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፤ አንዱ ከሌላው አልተነካካም። ወጣች፤ በሩን ሳበች፤ ጓጉንቸሩን አስገብታ ቆለፈችው።